ዘፈን ሲመጣ የሚወጡ ሰዎች

የሳምባያ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፊልም ማሳየት ነበር። ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለየው ግን ስክሪኑን አይቶ አልነበረም። የሚያየው የሰዉን ጀርባ ነው።

ደቡብ ሕንድ፣ ቴናሊ ከተማ ውስጥ፣ ከአትክልት ገበያው ወረድ ብሎ ያለው ቫሳንታ ሲኒማ ቤት ፎቁ ላይ አንዲት ጠባብ የማሽን ክፍል ነበረችው። ግድግዳዋ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። በአንደኛው ማሽኑ ብርሃኑን ይለቃል። ሁለተኛዋ፣ የመዳፍ ስፋት ያላት መስኮት፣ የሳምባያ ናት። በሷ ቁልቁል ሲመለከት ስምንት መቶ ጭንቅላት ይታየዋል። በኛ አገር መቼም ፊልም መሃል ዘፈን ሲመጣ ወንዱ ሁሉ ብድግ ብሎ ለሲጋራ፣ ለሻይ ወይ ለሽንት ይወጣል። ለፊልሙ ንቀት አይደለም፣ አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ሳምባያ መውጣታቸውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የሚጠብቀው አመላለሳቸውን ነው። ፊልሙ የማይረባ ከሆነ ዘፈኑ ካለቀም በኋላ በር ላይ ቆመው ወሬ ይሰልቃሉ። ጥሩ ከሆነ ግን ሲጋራቸውን በግማሹ ጥለው፣ የሱሪያቸውን ዚፕ እንኳ በቅጡ ሳይዘጉ እየተጋፉ ይመለሳሉ። በዚህ መለኪያው አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ፑርናያ በየፊልሙ የመጀመሪያ ቀን ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው «እህ ሳምባያ፣ ተራመዱ ወይስ ሮጡ?» ይሉታል። እሱ «ሮጡ» ካለ ያ ፊልም ሃምሳ ቀን ይቆያል ማለት ነው።

ሃምሳ ቀን የቆየ ፊልም ለሠራተኛው ሁሉ ጋሻ የሚመስል የእንጨት ሽልማት ይሰጥበታል። ሳምባያ ቤት ግድግዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ጋሻዎች ተሰቅለው ነበር። ሚስቱ ማንጋ በየበዓሉ አቧራቸውን ታራግፍና «የኔ ባል ጦርነት ሳይሄድ ጋሻ የሞላው ጀግና ነው» እያለች ትስቅበታለች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከወንዝ ማዶ ካለ መንደር ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሠራው የፊልም ጥቅል በብስክሌት ማመላለስ ነበር። ያኔ አንድ ፊልም ለሁለት ከተማ ይካፈላል። አንዱ ከተማ ጥቅሉን ሲጨርስ ሳምባያ ጥቅሉ ያለበትን ቆርቆሮ ኋላው ላይ አስሮ ለሌላው ከተማ ይበራል፤ ጎማ የተነፈሰ ቀን የሁለት ከተማ ሕዝብ እናቱን ያነሳበታል። ቀጥሎ ማሽን ላይ ወጣ። የግራ አውራ ጣቱን የድሮው ማሽን ብርሃን የሚሰጥበት የካርቦን እሳት በላው፤ ጥፍሩ ዳግመኛ አልበቀለም። በኋላ ቆርቆሮው ቀረና ፊልሙ ከሰማይ በሳተላይት መውረድ ጀመረ፤ የሳምባያም ሥራ አንድ ቁልፍ መጫን ሆነ። «ለአንድ ቁልፍ አንድ ሰው ምን ያደርጋል?» ያሉ ነበሩ። ፑርናያ ግን «ቁልፉን ማንም ይጫናል፤ መስኮቷን የሚያውቃት እሱ ነው» ብለው አስቀሩት።

ማንጋን ያገባ ሰሞን በየፊልሙ ይዟት ይመጣ ነበር። ሴቶቹ ረድፍ ላይ ጥጓን ይዛ ትቀመጣለች። ያቺ ሴት አፏ ለማንም የማይመለስ ነበር። አንድ ጊዜ አገር ምድሩ ያበደለትን ፊልም አይታ ወጣችና፣ ገበያ መሃል ቆማ «ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰውዬው ፀጉሩን ሲያበጥር አይቼ መጣሁ» ብላ የዚያን ጀግና አድናቂዎች አስከፋች። ድንጋይ ሊወረውሩባት ምንም አልቀራቸውም። እሷ ደግሞ ከዚያው ቦታ ሆና በድጋሚ አለችው። ሳምባያ ያን ቀን ነው ከልቡ የወደዳት።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ፑርናያ ደረጃውን ወጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሳምባያ፣ ልጆቼ አዳራሹን ለሰርግ ቤት እናድርገው እያሉ ነጋ ጠባ ይነዘንዙኛል» አሉት። «ሰርግ አይከስርም ይላሉ። እኔም አረጀሁ። የሩድራን ፊልም ልጠብቅ ብያቸዋለሁ። እሱ ሃምሳ ቀን ከቆየልኝ እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም ይህን ቤት አይነካውም። ካልቆየ ግን አፌን ያስዘጉኛል።»

«ይቆያል ጌታዬ» አለ ሳምባያ። ሌላ ምን ይላል? ከዚያች ክፍል ሌላ የሚያውቀው ነገር የለውም።

ሩድራ ማለት አድናቂዎቹ «የእሳት ኮከብ» የሚሉት ተዋናይ ነው። ስለዚያ ፊልሙ ስምንት ወር ሙሉ ተደለቀ። መጀመሪያ የሩድራ ጫማ ብቻ የሚታይበት ሥዕል ወጣ፤ ለጫማው ሕዝብ አበደ። ቀጥሎ ጎራዴው ወጣ። ቀጥሎ የአንድ ደቂቃ ማሳያ ወጣና አገሩ በፉጨት ቀለጠ። ደም፣ እሳት፣ በአየር ላይ የሚበር ሰው። ፀጉር አስተካካዩ ፖታራጁ፣ የከተማችን የሩድራ አድናቂዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ያቺን ማሳያ ፂም በሚላጩ ደንበኞቹ ጆሮ ሥር በቀን መቶ ጊዜ ያጫውታታል። ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሦስት ፎቅ የሚያህል የሩድራ ምስል አቆመ። «ሳምባያ ጋሼ፣ የማሽን ክፍልህን ጣሪያ አጥብቀህ እሰረው፤ በፉጨት ይበራል!» ይለዋል።

ያቺ ማሳያ ግን በፊልሙ ውስጥ ያሉትን ሦስት ድብድቦች በሙሉ አንድ ደቂቃ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው የወጣችው። ይህን ማንም አላወቀም። ፊልሙ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ አባት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማለዳ ፖታራጁና ጓደኞቹ መሰላል ላይ ወጥተው የሩድራን ምስል እንደ አድናቂ ደንብ በባልዲ ወተት አጠቡት። ከበሮ ተመታ፤ ርችት ተተኮሰ። በር ሲከፈት ሰዉ በአጥር ላይ ሳይቀር ገባ። ሳምባያ ቁልፉን ተጭኖ መስኮቷ ላይ ተለጠፈ። ሩድራ ብቅ ሲል ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ የተቀዳደደ ወረቀት ተበተነ። የመጀመሪያው ድብድብ አለቀ። ከዚያ ሩድራ የሚጫወተው ቀዛፊ ሴት ልጁን በጀልባ ወደ ትምህርት ቤት ሲያሻግር፣ ሲነታረክ፣ ሲስቅ ይታያል። ፉጨቱ ቀስ በቀስ በረደ። ለእረፍት መብራት ሲበራ ደግሞ ሳምባያ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ። ስምንት መቶ ሰው ስለፊልሙ እርስ በርሱ በማውራት ፈንታ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። የሩድራ ተፎካካሪ የሆነው የሌላኛው ጀግና አድናቂዎች፣ ገና ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሳለ፣ «ፊልሙ ሞቷል፣ ቀብሩ ከሰዓት ነው» ብለው አገሩን አዳርሰውታል።

በሁለተኛው ክፍል ጎርፍ መጣ። የልጅቱ የትምህርት ደብተር ውሃ ገባበት። ቀዛፊው ማንበብ አይችልም፤ ግን ጀልባው ላይ ተቀምጦ ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለጠ፣ እፍ እያለ ሲያደርቀው አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሳምባያ የቱ የቱ እንደሆነ ያውቃል። ወዲያው ዘፈኑ መጣና የአዳራሹ ግማሽ ተነስቶ ወጣ። ሳምባያ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። ዘፈኑ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳለ በሮቹ ተበረገዱ። እየሮጡ ነው! ፖታራጁ ራሱ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ሲሮጥ ደረጃው ላይ ተደናቀፈና ሻዩን በሙሉ የፊቱ ሰውዬ ጀርባ ላይ ደፋው። ማንም ዞር ብሎ አልተሳደበም። የሳምባያ ዓይን እንባ አቀረረ። ሃምሳ ቀን አይደለም፣ መቶ ቀን ነው አለ በልቡ።

ፑርናያ ያን ቀን ጉልበታቸውን አሟቸው አልወጡም። ስለዚህ ሳምባያ ደስታውን ይዞ ራሱ ወረደ። ያን ቀን ባይወርድ ኖሮ እያልን እስከ ዛሬ እናወራለን።

በር ላይ ባርጋቭ ቆሟል። ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ ከፊልም የሚወጣውን ሰው «እንዴት ነው?» እያለ እየጠየቀ ዩቲዩብ ላይ የሚለቅ ልጅ ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ተመልካች አለው። ሳምባያን ሲያይ ማይኩን አቀበለው።

«ጋሼ፣ የቤቱ አንጋፋ አንተ ነህ። ንገረና፣ እንዴት ነው?»

ሳምባያ በዕድሜው ማይክ ይዞ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ እኔ ፊልም የምለካው በፉጨት አይደለም፤ ዘፈን ሲመጣ ነው። ዛሬ ዘፈኑ ሲመጣ የአዳራሹ ግማሽ ተነስቶ ወጣ። በሠላሳ አራት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሁለተኛው ስንኝ ሳያልቅ እየሮጡ ተመለሱ! አንዱ ሻዩን ሰው ላይ ደፍቶ! ይህ ፊልም መቶ ቀን ይቆያል፣ ጻፉት!»

ለምሳ ቤቱ ሲደርስ ሃይደራባድ ከተማ የምትሠራው ሴት ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የተናገርከው? መሥሪያ ቤት ሁሉም ያንተን ድምፅ እያስመሰለ ይስቃል!»

ማንጋ ስልኳን ዘረጋችለት። ሳምባያ ስክሪኑ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ «የሠላሳ አራት ዓመቱ ፊልም አሳዪ እውነቱን አፈነዳው» ተብሎ ተጽፏል። «ዛሬ ዘፈኑ ሲመጣ የአዳራሹ ግማሽ ተነስቶ ወጣ። በሠላሳ አራት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።» አለቀ። አሥራ አንድ ሴኮንድ። ማታ ላይ አንድ ሚሊዮን ሰው አየው። የሌላኛው ጀግና አድናቂዎች ከበሮ ጨምረውበት ዘፈን አደረጉት።

በማግስቱ ባርጋቭን ሻይ ቤት አገኘውና ክንዱን ጨምድዶ ያዘው።

«አንተ ዓይን አውጣ! ቀሪው የት ገባ? ሙሉውን አውጣልኝ!»

«አውጥቼዋለሁ እኮ ጋሼ» አለ ባርጋቭ፤ አልዋሸም፣ ስልኩን ከፍቶ አሳየው። «ሙሉው ይኸው። መቶ ሰባ ሰው አይቶታል። አንዱ እኔ ነኝ።»

«ፊልሙን አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ ወድጄዋለሁ። እንደውም ደብተሩ ላይ አለቀስኩ።»

«ታዲያ እሱን አትናገርም?»

«ጋሼ ሙት፣ ወደድኩት ያልኩ ቀን ማን ያየኛል?» አለና ሻዩን ከፈለለት። ሳምባያ ሻዩን ሳይነካው ወጣ።

ወሬው ሰደድ እሳት ሆነ። የገረመው ነገር ሰዉ መጥላቱ አይደለም፣ ሁሉም በአንድ ቃል መጥላቱ ነው። የአትክልት ሻጩም፣ የባንክ ዘበኛውም፣ የሴት ልጁ አማትም ቃል በቃል «ሁለተኛው ክፍል ይጎተታል፣ ድብድብ የለውም፣ ሩድራ አለቀለት» ይላሉ። «አይታችሁታል?» ሲላቸው «ለምን ብለን? አንተው ተናግረህ የለ?» ይሉታል። ይህን ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። አፍሬ ነው የምጽፈው።

በአራተኛው ቀን ፂሙን ሊላጭ ፖታራጁ ዘንድ ገባ። ፖታራጁ ሳሙናውን እየመታ ለደንበኛው «ጀግናችንን አዋረዱት፤ ይህ ፊልም ነው እንዴ?» ሲል ደረሰ። ሳምባያ ከነፎጣው ብድግ አለ።

«አንተ ፖታራጁ! በዚህ በዓይኔ አይቼሃለሁ! እየሮጥክ ነው የተመለስከው! ሻይህን የሰው ጀርባ ላይ የደፋው ማን ነው፣ እኔ ነኝ?»

ፖታራጁ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል ነበር።

«ያኔ እኮ ጋሼ፣ ገና ስልኬን አላየሁም ነበር» አለ።

ደንበኞቹ ሳቁ። ፖታራጁ ግን አልሳቀም፤ የምሩን ነበር።

አዳራሹ በቀን በቀን ሳሳ። አምስት መቶ፣ መቶ ሃያ፣ ሠላሳ። የመጣውም ሰው የመጣው ፊልሙ እንዴት እንደሞተ ሊያይ ነው፤ ደብተሩ የሚደርቅበት ቦታ ላይ ሳይቀር ስልኩን ከፍቶ ይስቃል። በዘጠነኛው ቀን ፑርናያ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወጡ። ተራመዱ ወይስ ሮጡ ብለው አልጠየቁትም።

«ሐሙስ ወንበሮቹን የሚነቅሉ ሰዎች ይመጣሉ» አሉ። «ፊልሙን አይቼዋለሁ ሳምባያ። የኔን አባት አስታወሰኝ።»

«ያቺ ምላሴ ናት ጌታዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አንተ ባትሆን ሌላ ሰው ይናገርላቸው ነበር። ቃል ብቻ ነበር የቸገራቸው።»

ይህ ሊያጽናናው የተነገረ ነበር። ሳምባያን ግን ከስድቡ ሁሉ ይልቅ አንጀቱን የቆረጠው እሱ ነው።

ረቡዕ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ማንጋ ድንገት «እኔም ልየው» አለች። ሲኒማ ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ሳምባያ ልቡ ዘለለ። ከነገ ጀምሮ ወንበር እንደማይኖር ያውቃል። ግን አንድ ሰው፣ ያቺ ድንጋይ ያላስፈራት ሴት፣ መንገድ ላይ ቆማ እውነቱን ከተናገረች፣ ቢያንስ መስኮቷ አለመዋሸቷ ይታወቅለታል። ከዚያ በላይ አልፈለገም።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አራት ሰው ገባ። ማንጋ የድሮ ጥጓ ላይ ተቀመጠች። ሳምባያ ስክሪኑን ትቶ እሷን ብቻ አየ። ደብተሩ ሲመጣ ማንጋ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘፈኑ መጣ፤ እሷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ጎርፉ ቀዛፊውን ሲወስደው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እንዲህ ስታለቅስ ያያት አባቷ የሞቱ ዕለት ብቻ ነው።

መብራቱን አብርቶ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። በር ላይ አበባ ሻጯ ራማናማ ቅርጫቷን ይዛ ተቀምጣለች። የጎረቤታቸው ሰው ናት፤ በማግስቱ ጉድጓድ ውሃ ሊቀዳ የሚመጣው ሴት ሁሉ ወሬ የሚሰማው ከሷ ነው። ማንጋ ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ነው የወጣችው።

«እህ ማንጋ፣ እንዴት ነው?» አለች ራማናማ።

ሳምባያ ከአምዱ ኋላ ቆመ።

ማንጋ ዙሪያዋን አየች፤ ሁለት ልጆች ስልክ ይዘው ቆመዋል።

«ምን እንዴት አለው» አለች። «ያው እንደተባለው ነው። ይጎተታል።»

ራማናማ «ብዬሽ ነበር» ብላ ሳቀች። ማንጋም ሳቀች።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ባቡር ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ሳምባያ አላስቻለውም።

«አልቅሰሽ የለም እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበላት አንተ ሰውዬ?» አለችው ቆጣ ብላ። «አገር ሁሉ አንድ ነገር እያለ እኔ ብቻዬን ጥሩ ነው ልበል? የባሏን እንጀራ ልታድን ነው ይሉኛል። ሞኝ ልሁን?»

«ድሮ ሞኝ መሆን አትፈሪም ነበር።»

«ድሮ የሚያውቁኝ እዚሁ ገበያ ያሉት ብቻ ነበሩ» አለች ማንጋ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊልሙ አልተነጋገሩም።

ሐሙስ ወንበሮቹ ተነቀሉ። ስክሪኑን ቀደው ለሩዝ ማስጫ የወሰዱት ሰዎች ነበሩ። ያቺን የሳምባያን መስኮት በጡብ ደፈኗት፤ የማሽኑ ክፍል የሙሽራ ልብስ መቀየሪያ ሆነ። ፑርናያ ዝናቡ ሳይገባ ሞቱ። ሳምባያን ልጆቻቸው አላባረሩትም፤ ሰርግ ሲኖር ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ሰርግ በሌለ ቀን ግቢ ይጠብቃል።

ዘንድሮ በሳንክራንቲ በዓል ከሰዓት በኋላ ያ ፊልም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ማንጋ ለበዓሉ የሩዝ ጣፋጭ ጠብሳ ጎረቤቱን ጠርታለች። ራማናማ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ፖታራጁ ከነሚስቱ መጥቷል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ወሬው ተገልብጦ ነበር። ስልኩ ሁሉ «ያልገባን ድንቅ ፊልም»፣ «ይቅር በለን ሩድራ» ይል ጀምሯል። ያቺም አሥራ አንድ ሴኮንድ ከተቀበረችበት ወጥታ እንደገና ትዞራለች፤ አሁን ከሥሯ የተጻፈው «ይህን ፊልም የገደለው ሰውዬ» የሚል ነው። ራማናማ ገና መጀመሪያው ላይ ማልቀስ ጀመረች።

«እንዲህ ያለ ፊልም እንዴት ወደቀ?» አለች። «ሰው ዓይን የለውም እንዴ?»

«ምቀኞች ናቸው» አለ ፖታራጁ። ከዚያ ሳምባያን አየና አፈረ። «አንተን ማለቴ አይደለም ጋሼ።»

«እኔማ ያኔውኑ ብያለሁ» አለች ማንጋ፣ ጣፋጩን እያዞረች። «ስወጣ አለቀስኩ። ማን ሰማኝ?» ዓይኗ ውስጥ ውሸት አልነበረም። በሙሉ ልቧ ታምነው ነበር።

ሳምባያ አየት አደረጋት። ከጋሻዎቹ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ደብተሩ መጣ። የክፍሉ ሰው በሙሉ ጸጥ አለ፤ ትክክለኛው ጸጥታ ነበር። ቀጥሎ ዘፈኑ መጣ። ሳምባያ ጉልበቱን ይዞ ብድግ አለና ወጣ።

ደጃፉ ላይ ሲጋራ ለኮሰ። ሁለተኛው ስንኝ በመስኮት ይሰማል።

«ሳምባያ ጋሼ!» አለ ፖታራጁ ከውስጥ፣ በለቅሶ ድምፅ። «ቶሎ በል፣ ዘፈኑ ሊያልቅ ነው! ጎርፉ ሊወስደው ነው!»

ዘፈኑ አለቀ። ሳምባያ ሲጋራውን እስከ መጨረሻው አጨሰ። ከዚያም ሁለተኛ ለኮሰ።